ሶስቱን አየን፣ አራተኛዋ ቀረች፦ የኮሞሮስ ጉዞ ማስታወሻ

ሰኞ ሰኔ 30፣ ሃሃያ እና ሞሮኒ

የኮሞሮስ 50ኛ የነፃነት በዓል ሰኔ 29 ቀን 2017 ነበር፣ እኛ የገባነው ሰኔ 30 ነው። የበዓሉ ሳምንት ቲኬት አይቀመስም ነበር፣ በማግስቱ ግን ወረድ አለ፣ እኛም በረድ ያለውን ያዝን። (ቀኖቹን በኛ አቆጣጠር ነው የምፅፈው፣ የታሪኩን ዓመታት ግን በፈረንጆቹ፣ ካለዚያ እኔም እናንተም እንምታታለን።) አዲስ አበባን በዶፍ ዝናብ ለቀን ሃሃያ ኤርፖርት ስንወርድ ፀሐይ ነው፣ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፣ ከድንጋዩ ስንጥቅ የበቀለ ኮኮናት ነው። አፈር የት እንዳለ እስካሁን አልገባኝም።

ኤርፖርቱ ጢም ብሏል፣ ግማሹ ከማርሴይ ለሰርግ የመጣ ነው። እዚያ አገር ሰው ቀድሞ አግብቶ ልጅ ቢወልድም ዋናው ነገር "ትልቁ ሰርግ" ነው፣ ዓመታት ተቆጥቦ መንደሩ በሙሉ የሚበላበት፣ ለሙሽራዋ ወርቅ የሚደረደርበት፣ ወቅቱ ደግሞ ሐምሌና ነሐሴ። ስለዚ የሻንጣው ብዛት አይወራም። ቪዛ እዛው ሲደረስ ነው የሚሰጠው፣ 30 ዩሮ፣ በካሽ። አብሮኝ የሄደው ጓደኛዬ ጅዳ ያደገ ስለሆነ አረብኛው ጥርት ያለ ነው፣ ፖሊሱ አረብኛ ሲሰማ ፊቱ በራ፣ ከዚያ በኋላ እኔ ሻንጣ ተሸካሚ ሆኜ ቀረሁ ማለት ይቻላል።

ታክሲው 10,000 ፍራንክ ብሎ ጀምሮ በ7,500 ተስማማን። 1 ዩሮ ወደ 492 የኮሞሮስ ፍራንክ ነው፣ ተመኑ የተቸነከረ ነው፣ ዋስ ሆኖ ከኋላ የቆመው ደግሞ የፈረንሳይ ግምጃ ቤት ነው። እኔ በጭንቅላቴ 1,000 ፍራንክ 320 ብር ምናምን እያልኩ ነበር የማሰላው፣ ባላሰላ ይሻለኝ ነበር።

ያረፍንበት ቤት ባለቤት ሁሉም "ኮኮ" የሚሏቸው አያት ናቸው። ክፍሉ ለሁለታችን 20,000 ፍራንክ ከነቁርሱ። ገና እንደገባን መብራት ጠፋ፣ ኮኮ ምንም ሳይሉ ፋኖስ አምጥተው እራት አቀረቡ፦ በኮኮናት ወተት የተሰራ የካሳቫ ቅጠል (ማታባ ይሉታል)፣ ሩዝ፣ የተጠበሰ ዓሣ፣ ከጎኑ ፑቱ የሚባል የሚያቃጥል ነገር። ማታባው መልኩ የኛን ጎመን ይመስላል፣ ሲቀመስ ግን ወፍራምና ጣፈጥ ያለ ነው፣ እንጀራ ቢኖር ብለን ተያየን። ኮኮ "ምን ልታዩ መጣችሁ?" ሲሉ ጓደኛዬ "ሶስቱንም ደሴቶች" አላቸው። ሳህን እየሰበሰቡ "አራት ናቸው" አሉት። ሌላ ምንም አልጨመሩም፣ ሻይ አመጡልን።

ማክሰኞ ሐምሌ 1፣ ሞሮኒ

ከተማው ውስጥ የበዓሉ ባንዲራ ገና አልወረደም። ቢጫ፣ ነጭ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ መስመር፣ ከጎን አረንጓዴ ሶስት ማዕዘን ውስጥ ጨረቃና አራት ኮከብ። መስመሩም ኮከቡም አራት የሆነው ለአራት ደሴት ነው፦ ግራንድ ኮሞር፣ አንጁዋን፣ ሞሄሊ እና ማዮት። መንግስቱ የሚያስተዳድረው ግን ሶስቱን ነው። ማዮት ላይ የሚውለበለበው የፈረንሳይ ባንዲራ ነው፣ ከ2011 ጀምሮ ደግሞ 101ኛዋ የፈረንሳይ አውራጃ ናት፣ እዚያ ያለ ሰው መገበያያው ዩሮ፣ ፓስፖርቱ የፈረንሳይ ነው። ሞሮኒ ግድግዳ ላይ ደግሞ "ማዮት የኮሞሮስ ናት፣ ለዘላለምም ትኖራለች" የሚል በፈረንሳይኛ ተፅፏል። በፈረንሳይኛ መሆኑ አስቆኝ ነበር፣ ጓደኛዬ "ታዲያ እንዲሰማ የሚፈለገው ማን ሆነና?" አለኝ፣ እውነቱን ነው።

ጠዋት አሮጌውን የጁምዓ መስጊድ ከወደቡ ዳር አየን፣ ነጭ ሆኖ በቅስት የተሞላ፣ ከስሩ ጀልባዎች ባህሩ ሲሸሽ ደረቅ ላይ ይተኛሉ። ሰፈሩ ጠባብ ጠባብ መንገድ ነው፣ የተቀረፁ በሮች አሉት፣ ሐረር ጀጎልን የሚያውቅ ሰው አይጠፋበትም። ከዚያ ብሔራዊ ሙዚየሙ፣ ትንሽ ነው ግን ሲላካንት የሚባለውን ከዳይኖሰር ጋር ጠፍቷል ተብሎ በኋላ በህይወት የተገኘውን ዓሣ ያሳያሉ፣ ለሱ ብቻ ቢገባ አይቆጭም። ከዚያ ኤቲኤም ፍለጋ። የመጀመሪያው ካርዳችንን ተፋው፣ ሁለተኛው መብራት የለውም፣ ሶስተኛው ጋ ሰልፍ ደርሶን ብር አለቀ ተባልን። የያዝነውን ዩሮ ቮሎ ቮሎ ገበያ አጠገብ ቀየርን፣ ተመኑ ቋሚ ስለሆነ ቢያንስ ጥቁር ገበያ ስንት ገባ የሚል ወሬ የለም፣ ይሄ ለአዲስ አበባ ሰው እረፍት ነው።

ከሰዓት ሻይ ቤት የተቀመጡ ጡረታ የወጡ የታሪክ አስተማሪ አገኘን። ጓደኛዬ "አባት፣ ይሄ የማዮት ነገር እንዴት ነው?" ሲላቸው ሻዩን ወዲያ ገፉት። የነገሩንን እኔም በኋላ እያገናዘብኩ ላሳጥረው። ዲሴምበር 22፣ 1974 ፈረንሳይ ህዝበ ውሳኔ አደረገች፣ ከአራቱ ደሴት ሰው ወደ 95 በመቶው ነፃነት አለ፣ ማዮት ላይ ብቻ ሲቆጠር ግን 64 በመቶ ገደማው እንቢ፣ ከፈረንሳይ ጋር እንቆያለን። ፓሪስ መጀመሪያ ቆጠራው የአንድ አገር ነው ስትል ቆይታ ኋላ ላይ ፓርላማዋ በየደሴቱ ይታይ አለ። ሞሮኒዎች ተናደዱ፣ ጁላይ 6፣ 1975 አህመድ አብደላ በገዛ እጁ ነፃነት አወጀ። የተባበሩት መንግስታት በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ኮሞሮስን ከአራት ደሴቷ ጋር አባል አድርጎ ተቀበለ። ፈረንሳይ ግን ማዮት ላይ የራሷን ህዝበ ውሳኔ ጠራች፣ ነገሩ ፀጥታው ምክር ቤት ሲቀርብ ፌብሯሪ 6፣ 1976 በቪቶ ገደለችው፣ በሁለተኛው ቀን ማዮት ድምፅ ሰጠች፣ 99 ነጥብ ምናምን በመቶ "እንቆያለን"።

እዚህ ጋ ሰውየው ዝም አሉ፣ ከዚያ ሳቅ አሉና የሴቶቹን ነገር አነሱ። በ60ዎቹ የቅኝ ግዛቱ ዋና ከተማ ከማዮት ዛውድዚ ወደ ሞሮኒ ሲዛወር ስራውም ገንዘቡም አብሮ ሄደ፣ የማዮት ሴቶች በዜና ምዴሬ መሪነት ተደራጁና ከሞሮኒ የሚላክ ባለስልጣን ሲመጣ ከበው እስኪሸሽ ድረስ ይኮረኩሩት ነበር። አዎ፣ መኮርኮር፣ ብብት ስር። ሚኒስትሩ እየሳቀና እያለቀሰ ጀልባ ላይ ይወጣል። "እኛ ትልቅ ወንድም ነን ብለን ንቀናቸው ነበር" አሉ አስተማሪው። ሞሮኒ ግድግዳ ላይ ይሄ አልተፃፈም። እኔ ኮሞሮስ የመጣሁት ጥፋቱ የፈረንሳይ ብቻ ነው እያልኩ ነበር፣ የሴቶቹን ነገር ከሰማሁ በኋላ ግን ማዮቶች ተታለው ነው የሚለውን ወሬ ለመዋጥ ከበደኝ።

ሻዩን የከፈሉት እሳቸው ናቸው፣ ብንታገልም እንቢ አሉ።

ረቡዕ ሐምሌ 2፣ ሚትሳሚዉሊ እና ጋላዋ

ይሄንን ቀን ገና ከአዲስ አበባ ነው ያቀድነው። የጋራ ታክሲ ወደ ሰሜን፣ ለሰው 1,000 ፍራንክ፣ መንገዱ ባህሩን ይዞ ይሄዳል፣ በግራ ሰማያዊ ውሃ፣ በቀኝ ቀዝቅዞ የደረቀ ጥቁር ላቫ፣ አስፋልቱ የተወሰነ ቦታ አሪፍ ነው የተወሰነ ቦታ ደግሞ ጉድጓዱን ለማለፍ መኪናው ሰው ግቢ ይገባል።

ህዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም፣ በነሱ ኖቬምበር 23፣ 1996፣ ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 767 በሶስት ጠላፊዎች ተይዞ፣ ወደ አውስትራሊያ ሂድ ተብሎ፣ ነዳጁ አልቆ የወደቀው እዚህ ነው። ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጁ አይበቃም ቢላቸው አላመኑትም። ከ175 ሰው 125ቱ ሞቱ። ከሞቱት ውስጥ አውሮፕላኑ ውስጥ እያሉ የህይወት ጃኬቱን ነፍተው ውሃው ሲገባ መውጣት ያቃታቸው አሉ፣ በየበረራው "ሳትወጡ እንዳትነፉ" የሚባለው ለዚህ ነው። ያ ሁላችንም በቲቪ ያየነው፣ ክንፉ ውሃውን ሲነካ የሚያሳየው ቪዲዮ፣ የተቀረፀው ከጋላዋ ሆቴል ባህር ዳርቻ ነው፣ ቱሪስት ነው የቀረፀው።

ሆቴሉ አሁን የለም፣ ፈርሷል፣ አሸዋው ብቻ ነጭ ሆኖ ተዘርግቷል፣ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ከየት ናችሁ ሲለን "ኢትዮጵያ" አልን፣ ትንሽ አየንና በእጁ ወደ ውሃው አመለከተ፣ እዚያ ጋ፣ ቅርብ ነው፣ 500 ሜትር ቢሆን ነው። የዛን ቀን በታንኳው ሰው ሲያወጣ እንደነበር ለጓደኛዬ በተሰባበረ አረብኛ ነገረው። "ስንቱን እንዳወጣሁ አላውቅም፣ ከሆቴሉ እንግዶች መሃል ሐኪሞች ነበሩ፣ አሸዋው ላይ ነበር የሚያክሙት" አለ። ጓደኛዬ ዞር ብሎ ሄደ። እኔ ማመስገን ብቻ ነበር የቻልኩት፣ ማራሃባ፣ ማራሃባ፣ ሌላ ቃል አላውቅም።

ስለ ሆቴሉ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ጋላዋ የደቡብ አፍሪካ ገንዘብ ነበር፣ በአፓርታይድ ጊዜ ደቡብ አፍሪካዊ በየሄደበት በር ሲዘጋበት እዚህ ግን ይስተናገድ ነበር፣ የዚያኔው መንግስታቸውም የኮሞሮስን የፕሬዝዳንት ጠባቂ ጦር ደሞዝ ይከፍል ነበር። ጠባቂ ጦሩን የሚመራው ደግሞ ቦብ ዴናር የሚባል ፈረንሳዊ ቅጥረኛ ወታደር ነው። ይሄ ሰው በ1975 አህመድ አብደላ ነፃነት ባወጀ በወሩ በተደረገው መፈንቅለ መንግስት እጁ አለበት፣ በ1978 ዞሮ መጥቶ የተተካውን አሊ ሷሊን ገልብጦ ያንኑ አብደላን መለሰው፣ በ1989 አብደላ በጥይት ሲሞት ዴናር እዛው ክፍል ውስጥ ነበር (ፓሪስ ፍርድ ቤት ነፃ ብሎታል)፣ በ1995 አሁንም በጎማ ጀልባ መጣ፣ ያኔ ግን የፈረንሳይ ጦር ራሱ መጥቶ ወሰደው። አገር እንዲህ ሲደረግ ማዮት ያለ ሰው በባህሩ ማዶ ያያል እኮ። እንመለስ ይሻላል ብሎ የሚነሳው ከየት አምጥቶ ነው?

ምሳ ሚትሳሚዉሊ፣ የተጠበሰ ዓሣ በሩዝ 2,500 ፍራንክ። ብዙ አልበላንም።

ሐሙስ ሐምሌ 3፣ ቺንዲኒ፣ ከዚያ ባህሩ

ወደ ደቡብ ስንወርድ ሲንጋኒ የሚባል መንደር አለፍን፣ በ1977 ካርታላ ተራራ ፈንድቶ ላቫው ቤቶቹን ውጦት አዲስ የተሰራ ነው። ከተራራው ጎን ከፍ ብሎ ያለውን ኒዩምባጁን ሾፌሩ በጣቱ አሳየን። የሌዎን ኡምብሎ ቦታ ነው። ሰውየው በ1884 ዕፅዋት ሊሰበስብ የመጣ ፈረንሳዊ ነበር፣ በዓመቱ ከባምባው ሱልጣን ሰይድ አሊ ጋር ውል ፈርሞ የፈለገውን መሬት ወስዶ የማረስ መብት አገኘ። ሱልጣኑ ለምን ፈረመ? ደሴቱ ላይ ብዙ ሱልጣኖች ነበሩ፣ እርስ በርስ ይዋጋሉ፣ አንዱ የዛንዚባርን ሲይዝ ሌላው የፈረንጅ ጠመንጃ ይፈልጋል። ጀርመኖች በምስራቅ አፍሪካ ጠረፍ መስፋፋት ሲጀምሩ ፈረንሳይ ቀድማ በ1886 ሶስቱን ደሴቶች በሞግዚትነት ያዘች። ሰይድ አሊ ኋላ ራሱ በግዞት ተላከ፣ ኡምብሎ ግን የፈረንሳይ ሹም ሆኖ ሰዉን በገዛ መሬቱ ጉልበት ሰራተኛ አደረገው። የውጫሌን ውል የሚያውቅ ሰው ይሄን ሲሰማ ዝም ብሎ አይቀመጥም፣ እኔም ለሾፌሩ በእንግሊዝኛ ስለ ምኒልክ ማስረዳት ጀምሬ ነበር፣ አንድ ቃል አልገባውም፣ በትህትና "ዊ ዊ" ይለኛል።

ቺንዲኒ ከአሸዋው ነው ወደ ሞሄሊ የሚሄደው ጀልባ ላይ የሚወጣው፣ ጫማ አውልቆ፣ ሻንጣ ራስ ላይ ተደርጎ። ለሰው 10,000 ፍራንክ፣ ሁለት ሞተር ያላት የፋይበር ጀልባ፣ ሰው፣ ሩዝ በጆንያ፣ አንድ ፍየል። የህይወት ጃኬት ተሰጠን፣ ትናንት ከሰማነው በኋላ ጓደኛዬ ሶስት ጊዜ ነው ማሰሪያውን ያየው። መሃል ባህር ስንደርስ አንዱ ሞተር ጠፋ፣ ትንሽ ቆይቶ ሁለተኛውም። ማዕበሉ ጎን ለጎን ያንከባልለን ጀመር፣ ሴቶቹ ዱዓ፣ እኔ ሰላም ለኪ፣ ፍየሉ ዝም። ልጁ ካንዴላውን ፈቶ በሸሚዙ ይጠርገዋል፣ ይነፋዋል፣ ይመልሰዋል፣ አይነሳም። በዚህ መሃል አንዷ እናት ጮኸች፣ ሞተን ነው ብዬ ስዞር ዓሣ ነባሪ ነው፣ እናትና ልጅ፣ ጀርባቸው ወጥቶ ይገባል፣ ወቅታቸው ነው ከደቡብ የሚመጡት። ሰው ሁሉ ስልክ አወጣ። ልጁ ብቻ ቀና ሳይል ካንዴላው ላይ ነው፣ በመጨረሻ አንዱ ሞተር ተነሳ፣ በሱ ብቻ እያዘገምን ሆዋኒ ስንደርስ መሽቷል። ፓስፖርቴ ቦርሳ ውስጥ ረጥቦ ገፆቹ ተጣብቀዋል፣ የቤቱ ባለቤት ሩዝ ውስጥ ቀብራ አደረቀችልኝ።

ዓርብ ሐምሌ 4፣ ፎምቦኒ እና ኢትሳሚያ

ሞሄሊ ትንሿ ናት፣ መኪናው ጥቂት፣ ዛፉ ብዙ፣ ሰው ሰላምታ ሳይሰጥ አያልፍም፣ ሁሉም ነገር ከሞሮኒ ይረክሳል፣ ክፍል 12,000 ፍራንክ። ፎምቦኒ ውስጥ የሚታይ ብዙ የለም፣ ታሪኩ ግን ትልቅ ነው። ጁምቤ ፋጢማ የምትባል ንግስት ነበረቻቸው፣ አባቷ ከማዳጋስካር የመጣ መስፍን። ፈረንሳዮች ገና ልጅ እያለች ፈረንሳዊት ሞግዚት መደቡላት፣ በ1849 የፈረንሳይ የባህር ኃይል መኮንን ቆሞ ዘውድ ጫነች። እሷ ግን ስታድግ የዛንዚባር ሱልጣንን ዘመድ አገባች፣ ፈረንሳዮች ባልየውን አባረሩት። ከዚያ ላምበር የሚባል ነጋዴ መጥቶ በ1865 መሬቷን ለብዙ አስርት ዓመታት አስፈረማት፣ ልትሰርዘው ስትል የፈረንሳይ መርከብ ፎምቦኒን በመድፍ ደበደበ፣ 1867። ንግስቲቱ ዝም አላለችም፣ አቤቱታዋን ይዛ ፈረንሳይ ድረስ ሄደች፣ ያን ሰሞን እኛ አገር እንግሊዞች መቅደላ እየወጡ ነበር። ልጇ ሳሊማ ማሻምባ የመጨረሻዋ ንግስት ነበረች፣ ሬዩኒዮን ደሴት ተወስዳ በ1901 አንድ ፈረንሳዊ ጃንደርም አገባች፣ ፈረንሳይ ገጠር ውስጥ ገበሬ ሆና ኖራ እዛው በ1964 ሞተች። ይሄን ሳስብ አለማየሁ ቴዎድሮስ ነው የመጣብኝ፣ እሷ ቢያንስ አርጅታ ነው የሞተችው።

ማታ ኢትሳሚያ ሄደን የባህር ኤሊ እንቁላል ስትጥል አየን። የመንደሩ ማህበር አስጎብኚ ይመድባል፣ 5,000 ፍራንክ፣ መብራት ማብራት የለም፣ ማውራት የለም። ጉድጓዷን ስትቆፍር አሸዋውን ፊቴ ላይ ረጨችው።

ቅዳሜ ሐምሌ 5

ጠዋት 2 ሰዓት ይነሳል የተባለው የአንጁዋን ጀልባ ማታ 1 ሰዓት ተነሳ። ቀኑን ሙሉ ሆዋኒ ዛፍ ስር። ሌላ የሚወራ የለውም።

እሁድ ሐምሌ 6፣ ሙትሳሙዱ

ሙትሳሙዱ ደርሰን ተኝተን ስንነሳ ቀትር ሆኗል። ከተማው ተራራና ባህር መሃል ተጨፍልቆ ነው ያለው፣ ሞሮኒ ላይ ጠባብ ያልኩትን መንገድ ልመልሰው፣ እዚህ ሁለት ሰው ከተገናኘ አንዱ በር ውስጥ ይገባል። ከላይ ምሽጉ አለ፣ ደረጃው ትንፋሽ ይቆርጣል፣ አሮጌ መድፎች አሁንም አፋቸውን ወደ ወደቡ አዙረው ተኝተዋል። ድሮ ወደ ህንድ የሚሄዱ የእንግሊዝ መርከቦች ውሃና ምግብ የሚሞሉት እዚህ ነበር፣ የአንጁዋን ሱልጣኖችም ከእንግሊዝ ጋር ነበር ፍቅራቸው። ፈረንሳይ ማዮትን ስትይዝ እንግሊዝ እዚህ ቆንስል አስቀመጠች። ከቆንስሎቹ አንዱ ዊልያም ሰንሊ ፖሞኒ ላይ የሸንኮራ እርሻ ነበረው፣ የእንግሊዝ መንግስት ባሪያ ንግድ ላይ መርከብ ሲያዘምት የሱ ቆንስል በኪራይ ባሪያ እርሻ ያሳርስ ነበር። ወሬው ለንደን ሲደርስ ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ተባለ፣ ቆንስልነቱን ትቶ እርሻውን መረጠ። ቢያንስ አልዋሸም።

ያረፍንበት ቤት አባወራ የቅርንፉድ ነጋዴ ናቸው፣ ሰፈሩ "ባኮኮ" ይላቸዋል እኛም አልን። ቤቱ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይሸታል፣ ሻዩ ራሱ። እራት ላይ ስለ 1997 ጠየቅናቸው። ያኔ አንጁዋን በሞሮኒ ተማርራ ተገነጠለች፣ መገንጠል ብቻ አይደለም፣ የፈረንሳይ ባንዲራ ሰቅላ መልሳችሁ ግዙን አለች። ነፃ በወጡ በ22 ዓመቱ! ፈረንሳይ አልፈልግም አለች፣ ማዮትን አልለቅም ያለችው ፈረንሳይ። "እርስዎስ ያኔ የት ነበሩ?" ሲላቸው ጓደኛዬ፣ ባኮኮ ሳይሸማቀቁ "ባንዲራውን ከያዙት አንዱ ነኝ" አሉ። "ደሞዝ አልነበረም፣ መድኃኒት አልነበረም፣ ማዮት ግን ሁሉም ነበር፣ የእህቴ ልጆች እዚያ ናቸው፣ በዓይኔ አይቻለሁ።" ነገሩ በ2001 ፎምቦኒ ላይ ለየደሴቱ ሰፊ ስልጣን በሚሰጥ ስምምነት በረደ፣ በ2008 የአንጁዋኑ መሪ መሐመድ ባካር አልወርድም ሲል የአፍሪካ ህብረት ጦር ልኮ አስወገደው፣ ታንዛኒያና ሱዳን ወታደር ነበራቸው። ባካር በጀልባ ወዴት ሸሸ መሰላችሁ? ማዮት።

ሰኞ ሐምሌ 7፣ ዶሞኒ

ሚኒባስ ተራራውን አቋርጦ፣ 1,000 ፍራንክ፣ ኩርባ በኩርባ፣ ጓደኛዬ ሁለቴ አስቁሞ ወረደ። መንገድ ዳር ምንጣፍ ተነጥፎ ቅርንፉድ ይሰጣል፣ መኪናው ጎማውን ያስጠጋል እንጂ አይረግጠውም። አዲስ አበባ ላይ በማንኪያ ቆጥረን የምንገዛው ነገር እዚህ አስፋልት ላይ ተዘርግቶ ሳይ ቀናሁ፣ በኋላ ግማሽ ኪሎ ገዛሁ።

ዶሞኒ የአህመድ አብደላ አገር ነው፣ መቃብራቸውም እዚሁ፣ ነጭ ባለ ሚናራ ህንፃ። ከዚያ ወደ ባህሩ ወረድን። ማዮት ከአንጁዋን 70 ኪሎ ሜትር ናት፣ ሰማዩ ሲጠራ ትታያለች ይላሉ፣ እኛ ደመና ነው ያየነው። ከኛ ጋር ቆመው የነበሩ ወጣቶች ስልካቸው ላይ የማዮትን ዜና ይከታተላሉ፣ ቀኑ ጁላይ 14 ነው፣ የፈረንሳይ ብሔራዊ በዓል፣ እዚያ ማዶ ሰልፍ አለ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ የፈረንሳይ ፓርላማ ስለ ማዮት ትልቅ ህግ አፅድቆ ነበር፣ ባለፈው ታህሳስ ሺዶ አውሎ ነፋስ ካፈራረሳት በኋላ መልሶ ለመገንባትም፣ የሚመጣውን ስደተኛ ለማጥበቅም። አንደኛው ልጅ ሄዶ ያውቃል፣ ተይዞ ተመልሷል፣ አሁንም ሊሄድ ነው። ክዋሳ ነው የሚሉት ጀልባውን፣ ያችው እኛ ሞሄሊ የሄድንባት ዓይነት፣ በሌሊት፣ ከልክ በላይ ሰው ተጭኖ። 300 ዩሮ ነው አለን፣ አንዳንዱ ከዚያም በላይ ይጠይቃል።

ይሄ ሁሉ የጀመረው በ1995 ነው። ከዚያ በፊት አንጁዋን ያለ ሰው ማዮት ለሰርግ ሄዶ ለመመለስ ጀልባ መሳፈር ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። ፈረንሳይ ቪዛ ጠየቀች፣ ከዚያ ወዲህ በዚህ 70 ኪሎ ሜትር ውስጥ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ሰጥሟል። ሞሮኒ "ሰው በገዛ አገሩ ስደተኛ አይባልም" ትላለች፣ ማዮት ላይ ያሉት ደግሞ "ሆስፒታላችን፣ ትምህርት ቤታችን ሞላ" ብለው መንገድ ይዘጋሉ። ከማዮት ነዋሪ ግማሽ ያህሉ የውጭ ዜጋ ነው፣ አብዛኛው ከኮሞሮስ፣ ማለትም ዘመድ። ሀብታም ትመስላለች እንጂ ከ10 ሰው ከ7 በላዩ ከፈረንሳይ የድህነት መስመር በታች ነው የሚኖረው። እኛ ቀይ ባህር በጀልባ የሚሻገሩ ልጆች ያሉን ሰዎች ነን፣ ልጁን "አትሂድ" ለማለት አፌን ከፍቼ ዘጋሁት።

የማዮት ሽያጭ ራሱ ሲታይ ያናድዳል። በ1841 አንድሪያንሶሊ የሚባል ከማዳጋስካር የሸሸ መስፍን ደሴቷን ይዞ ነበር፣ ከአንጁዋንም ከሞሄሊም ጠላት ነበረው፣ በዓመት 1,000 ፒያስትር ጡረታ ሊከፈለው ለፈረንሳዩ መኮንን ለፓሶ ሰጣት። ፈረንሳይ የፈለገችው መርከብ ማቆሚያ ነው፣ ሞሪሸስን በእንግሊዝ ተነጥቃ ነበርና። በቃ ይሄው ነው። የአንድ ሰው ጡረታ፣ የአንድ ወደብ ቅናት፣ ዛሬ ደግሞ ኒውዮርክም እኛ ከተማ የአፍሪካ ህብረት አዳራሽም ፋይሉ ክፍት ነው። አዲስ አበባ ያለው አቋም ከድሮው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጀምሮ ማዮት የኮሞሮስ ናት ነው፣ የኮሞሮሱ ፕሬዝዳንት አዛሊ ራሳቸው በ2023 የህብረቱ ሊቀ መንበር ነበሩ፣ ዶሞኒ ባህር ዳርቻ ላይ ግን ይሄን ያነሳልኝ ሰው የለም። እኔ ሳነሳው አንደኛው "አዲስ አበባ ቪዛ ትሰጣለች?" አለኝ፣ እየቀለደ አልነበረም።

ረቡዕ ሐምሌ 9፣ ሞሮኒ፣ መመለሻ

በትልቁ መርከብ ነው የተመለስነው፣ 17,000 ፍራንክ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሙዚቃ። ኮኮ ቤት ማታባ ጠበቀን። ቫኒላ ከቮሎ ቮሎ ገዛን፣ መጀመሪያ የተጠራው ዋጋ ግማሹን ነው መክፈል ያለባችሁ።

ለምትሄዱ፦ ዩሮ በካሽ ያዙ፣ ካርድ ላይ አትመኩ። ጀልባ በሚያስፈልግበት ቀን ሌላ ነገር አታቅዱ፣ ፓስፖርታችሁን በላስቲክ ጠቅልሉ። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ቀለል ይላል ግን የሰርግ ወቅት ስለሆነ ማረፊያ ቀድሞ መያዝ ነው። አልኮል እንደልብ አይገኝም፣ ሴቶች ከተማ ውስጥ ነጠላ ነገር ትከሻ ላይ ጣል ቢያደርጉ ይመቻል። ማዮትንም በዛው ልጨምር የሚል ካለ ደግሞ ለኮሞሮስ የከፈላችሁት 30 ዩሮ እዚያ አያስገባም፣ የሼንገን ቪዛም ብቻውን አይሰራም፣ ለማዮት የሚል የተለየ ቪዛ ከፈረንሳይ ኤምባሲ ማውጣት አለባችሁ፣ ኮኮ ይሄን ስነግራቸው "እኔም እንደናንተው ነኝ" ብለው የሻንጣዬን ዚፕ ዘጉልኝ፣ ታክሲው በር ላይ ክላክስ እያደረገ ነበር።